ማን ነበር የሚጠብቀው?

ኤሊዩስ ፕሪስኩስ የሚባል ሮማዊ እናቱን ገደለ። ጉዳዩ ለነገሥታቱ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ177 እስከ 180 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። በሮም ወላጁን የገደለ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነበር፤ ከውሻ፣ ከአውራ ዶሮ፣ ከእባብና ከዝንጀሮ ጋር ቆዳ ጆንያ ውስጥ ከተው ይሰፉትና ውኃ ውስጥ ይጥሉታል። ጉዳዩን የያዘው ባለሥልጣን ስካፑላ ቴርቱሉስ ግን ወደዚያ አልቸኮለም። ሰውየው አእምሮውን የሳተ ስለመሰለው፣ ዙፋኑን በጋራ ለያዙት ለማርቆስ አውሬሊዮስና ለልጁ ለኮሞዱስ ደብዳቤ ጻፈ።

መልሱ በሮም ሕግ መድበል ውስጥ ተቀምጦ ደርሶናል። ነገሥታቱ ሦስት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ሰውየው እናቱን ሲገድል ምንም በማያውቅበት፣ ፋታ በማይሰጥ እብደት ውስጥ ከነበረ፣ እብድ መስሎ ነው የሚል ጥርጣሬም ከሌለ፣ ቅጣቱን ተወው፤ ሕመሙ ራሱ ይበቃዋል። ነገር ግን በጥብቅ ይጠበቅ፤ ካስፈለገም ይታሰር፤ ለቅጣት ሳይሆን ለራሱም ለጎረቤቱም ደኅንነት ሲባል። ሁለተኛ፣ ልቡ ተመልሶለት በነበረበት ሰዓት የፈጸመው ከሆነ ግን ምሕረት አይገባውም። እኔ ደጋግሜ የማነበው ሦስተኛውን ነው። ለመሆኑ በዚያች ሰዓት ይህን ሰው ማን ነበር የሚጠብቀው? ቤት ውስጥ የገዛ ወገኖቹ ይጠብቁት ከነበረ፣ ጠርተህ ጠይቃቸው፤ ምን አዘናጋቸው?

ከዚያ ወዲህ ባሉት 1,800 ዓመታት ዳኞች፣ ሐኪሞችና ጎረቤቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። እብድ ነው ወይስ ወንጀለኛ? ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ሦስተኛው ጥያቄ እየደበዘዘ ሄደ። እኔ ግን እሱን የመርሳት ዕድል አላገኘሁም።

የኦጎልቾ ልጅ ነኝ። ኦጎልቾን የማታውቁ ምናልባት ስሟን በስንዴ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የወጣ «ኦጎልቾ» የሚባል የዳቦ ስንዴ ዝርያ አለ። ከተማዋ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ መቀመጫ ናት። በአንድ በኩል የአሰላ ደጋ፣ በሌላ በኩል የዝዋይ ሐይቅ። እዚያ ቤታችን ውስጥ አጎቴ ይኖራል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ታመመ። ድምፅ ይሰማል፤ ምግቤ ውስጥ ነገር ጨመሩብኝ ይላል፤ ሲብስበት ሌሊት ተነስቶ ይሄዳል። በሕይወቱ ማንንም መትቶ አያውቅም። የምትጠብቀው አያቴ ናት።

ታዲያ በሬዲዮ ወይም በፌስቡክ «ልጅ አባቱን ገደለ»፣ «ባል ሚስቱንና ልጆቹን ፈጀ» የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ሰፈራችን ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «አውቆ አበድ ነው!» ይላል። እብድ ቢሆን ኖሮ ለምን ጎረቤቱን አልገደለም? ለምን ማታ ጠብቆ? ለምን ሸሸ? ሌላኛው ወገን ደግሞ «ጤነኛ ሰው እናቱን ይገድላል እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ክርክሩ ይበርዳል፤ የሰው ዓይን ግን ቀስ ብሎ ወደ እኛ በር ይዞራል። አንድ ቀን አንዷ ጎረቤት በቅንነት «እማማ፣ ለምን አያስሩትም? ለእርስዎ ፈርተን እኮ ነው» አለቻት። አያቴ «የወለድኩትን ፈርቼ የት ልሂድ የኔ ልጅ?» አለቻትና ረከቦቱን አነሳች።

እኔ ሕግ የተማርኩት በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን ይሆናል። ግን ይህንን ጭቅጭቅ ይዤ ነው ክፍል የገባሁት። እዚያም ከኦጎልቾ ቡና ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ክርክር አገኘሁ፤ የፈረንሳይ ገበሬዎች ክርክር።

እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1835 ኖርማንዲ ገጠር ውስጥ ፒየር ሪቪዬር የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ነፍሰ ጡር እናቱን፣ እህቱንና ትንሽ ወንድሙን ገደለ። ከዚያ ጫካ ለጫካ አንድ ወር ያህል ተንከራተተ። ሲያዝ መጀመሪያ «እግዚአብሔር አዞኝ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ይህንን ተወውና እብድ ለመምሰል ሞክሬ ነበር አለ። ቀጥሎም እስር ቤት ቁጭ ብሎ የቤተሰቡን ታሪክ ከወላጆቹ ጋብቻ ጀምሮ በዝርዝር ጻፈ። ያደረግኩት አባቴን ከእናቴ ሥቃይ ነፃ ለማውጣት ነው፤ እኔም እንደምሞት አውቄ ነው የገባሁበት አለ።

እንግዲህ ፍረዱ። የኦጎልቾው «አውቆ አበድ» እዚህ ራሱ መስክሯል። የኦጎልቾው «ጤነኛ ሰው እናቱን ይገድላል እንዴ?» ደግሞ ሦስት ሬሳ ከፊቱ አለ።

ሐኪሞቹ ተከፋፈሉ። አንዱ መረመረውና የአእምሮ ሕመም ምልክት አላየሁበትም አለ። ሌላው ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ ነው አለ። የጻፈው ታሪክ ራሱ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆነ። «እብድ እንዲህ አሳምሮ ይጽፋል?» አለ አንደኛው። «ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ በዚህ ቅዝቃዜ ይጽፋል?» አለ ሌላኛው። ጎረቤቶችም ተጠሩ። ብቻውን ያወራ እንደነበር፣ ጎመን እንደ ጠላት ጭንቅላት እየቀላ ይጫወት እንደነበር፣ እንቁራሪት በምስማር ይቸነክር እንደነበር፣ ሴት ሲያይ ይሸሽ እንደነበር ተናገሩ። ይኸው አንድ ዓይነት ምስክርነት ለዐቃቤ ሕጉ የክፉ ልብ ማስረጃ፣ ለጠበቃው የሕመም ማስረጃ ሆነ።

ፍርዱ ሞት ነበር። ከዚያ በኋላ የፈረዱበት ዳኛ ዜጎች ራሳቸው ንጉሡ እንዲምረው ጠየቁ። ኤስኪሮልን የመሳሰሉ የፓሪስ ስመ ጥር ሐኪሞች መዝገቡን አይተው ታማሚ ነው ብለው ፈረሙ። ንጉሡ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ቀየሩለት። እ.ኤ.አ. በ1840 ሪቪዬር እስር ቤት ውስጥ ራሱን ሰቀለ። ሚሼል ፉኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 መዝገቡን አሰባስበው እስኪያሳትሙት ድረስ ነገሩ ተረስቶ ነበር።

አስተውሉ፤ ማንም አላሸነፈም። ሕጉ ጥፋተኛ ነው አለ፤ ግን አልገደለውም። ሐኪሞቹ ታማሚ ነው አሉ፤ ግን አላከሙትም። ስለ እንቁራሪቱና ስለ ጎመኑ የመሰከሩት ጎረቤቶች ደግሞ ያንን ሁሉ ለዓመታት ሲያዩ ነበር። ሰው እስኪሞት ድረስ ግን የጠየቃቸውም፣ ሄደው የሚነግሩትም አካል አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕጋችን ለሁለቱ የቡና ወገኖች መልስ አለው፤ ያውም ጥሩ መልስ። የሮም ሐሳብም ለእኛ ባዕድ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ከምንጮቹ አንዱ የሮም ወራሽ የሆነው የቢዛንታይን ሕግ ነው። በ1949 ዓ.ም. የታወጀውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ ፕሮፌሰር ናቸው። ስለ አእምሮ ሕመም የሚናገሩት አንቀጾች፣ ከ48 እስከ 51 ያሉት፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የወንጀል ሕግም ቁጥራቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ቀጥለዋል።

አንቀጽ 48 በቀላል አማርኛ እንዲህ ነው። የሚቀጣው ለድርጊቱ ኃላፊ መሆን የሚችል ሰው ብቻ ነው። በዕድሜ፣ በሕመም፣ በአእምሮ መታወክ ወይም በመሳሰለው ምክንያት፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ሰዓት የሚያደርገውን ወይም የሚያስከትለውን መረዳት ያልቻለ ሰው ኃላፊ አይደለም። ቢረዳም እንኳ በዚያ መረዳት ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰውም ኃላፊ አይደለም።

ይህ «ወይም» ትልቅ ነገር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1843 ዳንኤል መክናተን የሚባል ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ከገደለ በኋላ ባወጡት ዝነኛ መለኪያ የሚጠይቁት ስለ ማወቅ ብቻ ነው፤ የሚሠራውን ያውቅ ነበር? ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር? የእኛ ሕግ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ እያወቀስ ራሱን መግታት ይችል ነበር?

እስቲ በዚህ መለኪያ የሰፈራችንን ክርክር እንየው። «አቅዶ ነው፣ ሸሽቷል፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው» የሚለው አይቆምም። እናቱ መርዝ ልታበላው እንደሆነ ከልቡ ያመነ ሰው ማቀድም መደበቅም ይችላል። የታመመው እምነቱ እንጂ የማቀድ ችሎታው ላይሆን ይችላል። «ጤነኛ ሰው እናቱን አይገድልም» የሚለውም አይቆምም። የድርጊቱ አስፈሪነት ብቻውን የሕመም ማስረጃ አይደለም። በመሬት፣ በውርስ፣ በመጠጥ፣ በቅናት ቤተሰቡን የሚገድል ጤነኛ ሰው አለ፤ ያሳዝናል፣ ግን አለ። ሕጉ ሕመሙም እንዲኖር፣ ሕመሙ በዚያች ሰዓት ማስተዋሉን ወይም ራስን መግታቱን የነጠቀው እንዲሆንም ይጠይቃል። በከፊል ነጥቆት እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 49 አለ፤ ይቀጣል፣ ዳኛው ግን ቅጣቱን ያቀልለታል። ነፃ የሆነውም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ፍርድ ቤቱ ተጠብቆ እንዲቆይና እንዲታከም ማዘዝ ይችላል።

ጥርጣሬ ካለስ? አንቀጽ 51 ዳኛው የባለሙያ ምርመራ እንዲያስደርግ ያዛል። የተከሳሹ ጠባይ፣ ያለፈ ታሪክና ኑሮ እንዲጣራም ይላል። ባለሙያው በሳይንስ ያረጋገጠው ዳኛውን ያስገድደዋል፤ ከዚያ የሚወጣው የሕግ ድምዳሜ ግን የዳኛው ነው።

ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ ያምራል። አሁን ደግሞ ወረቀቱ ያረፈበትን መሬት እንይ።

ሕጉ በ1949 ዓ.ም. «ባለሙያ ይጠየቅ» ሲል በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ነበር። ለአሥርት ዓመታትም ብቸኛው ሆኖ ቆየ። ኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ከሕጉ አዋጅ እስከዚያ ድረስ ቁጠሩት፤ 46 ዓመት። ለ46 ዓመት ሕጉ በጣት በሚቆጠሩ፣ ውጭ አገር በሠለጠኑ ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር።

ይህ የሐኪም እጥረት ብቻ አይደለም፤ የማስረጃ እጥረትም ነው። አንቀጽ 51 ያለፈ ታሪኩ ይጣራ ይላል። ካርድ የሌለው፣ ሐኪም አይቶት የማያውቅ ሰው ያለፈ ታሪኩ የት ነው የተጻፈው? ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ፣ ቡታጅራ አካባቢ፣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩ ጥቂት ዓመታት ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ የመሰሉ ከባድ ሕመሞች ካገኙባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለዚህ ሕመም የሚሰጥ ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ያለው ቤተሰባቸው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። አሁን ከመካከላቸው አንዱ፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆነው ሆነና፣ ሰው ገደለ እንበል። የሞተችው ደግሞ እናቱ ናት እንበል። ስለ ሕመሙ ከሁሉ በላይ የምታውቀው ምስክር ሟቿ ራሷ ናት።

የቤተሰብ ግድያ ክርክር ማለቂያ የሚያጣው ለዚህ ይመስለኛል። ሌላ ግድያ ላይ የሟች ወገን አለ፣ የገዳይ ወገን አለ። እዚህ ግን ወገኑ አንድ ነው። በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ግማሹ ወንድም «ሰቅላችሁ ግደሉልኝ» ይላል፣ ግማሹ «ታሞ ነው፣ እኛ እናውቃለን» ይላል። ሁለቱም የሚያለቅሱት ለአንድ እናት ነው።

የአርሲ ኦሮሞ የጉማ ሥርዓት ደም እንዲደርቅ የሚያደርግ ትልቅ ጥበብ ነው። ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ የገዳይ ጎሳ አዋጥቶ ለሟች ወገን ካሳ ይከፍላል፣ እርቅ ይወርዳል። ጠብ ሲነሳ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመሃል ይገባሉ። ሥርዓቱ ግን የተሠራው ለሁለት ወገን ነው። ልጅ እናቱን ሲገድል ከየትኛው በረት ወጥቶ ወደ የትኛው በረት ይገባል? ከፋዩም ተቀባዩም አንድ ቤት ነው። በዚህ ጊዜ የመንግሥት ፍርድ ቤት «ያውቅ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሽማግሌው «ደሙን ማን ይከፍላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ከሞት በኋላ ነው።

ከሞት በፊት የነበረው ዘመንስ? እሱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ውስጡ ነው ያደግኩት። ቤተሰብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አጎቴ ጸበል ሄዷል። ሸኽ ዘንድ ሄዷል። አያቴ ክርስቲያንም እስላምም ወደሚሳለመው ወደ ፋራቀሳም ወስዳዋለች፤ እመቤት ሞሚና የተቀበሩበት፣ እዚሁ አርሲ ያለ ቦታ ነው። ማንም በዚህ እንዲስቅ አልፈልግም። እዚያ ቢያንስ በሽተኛውን «ና፣ ተቀመጥ» የሚለው ሰው አለ፤ አስታማሚዋም ከእሷ የባሰባት አይታ ትጽናናለች። በኋላ አሰላ መርፌና ክኒን ጀመረ፤ ለውጥም አመጣ። ግን መድኃኒቱ አንዳንድ ወር የለም ይባላል፤ አንዳንድ ወር የትራንስፖርቱ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ድምፁ ይመለሳል። ያን ጊዜ አያቴ ቢላዋውን ከማድ ቤት አውጥታ ጎረቤት ታስቀምጣለች፤ እሷም በሩ ሥር አንጥፋ ትተኛለች፤ እንዳይወጣ ሳይሆን ሲወጣ እንድትሰማ።

አብዛኛው የአእምሮ ሕመምተኛ በዕድሜው ማንንም አይጎዳም፤ ይልቅ ይደበደባል፣ ይታሰራል፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ከስንት አንዱ ጉዳት ሲያደርስ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አጠገቡ ያለውን ሰው ነው። «እብድ ቢሆን ለምን ጎረቤቱን አልገደለም?» ለሚለው የቡና ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ጎረቤቱ ሌሊት በሩ ሥር አይተኛማ። ክኒን ውሰድ ብሎ የሚጨቀጭቀው፣ በር የሚዘጋበት፣ ምግብ የሚያቀርብለት፣ መርዝ ጨመረችብኝ ብሎ የሚጠረጥራት፣ የምትወደው ናት። ቤተሰቡ ሆስፒታሉም፣ ዘበኛውም፣ ገንዘብ ከፋዩም ነው። በክፉ ቀን ደግሞ ሟቹም እሱ ነው።

ወደ ማርቆስ አውሬሊዮስ ደብዳቤ የሚመልሰኝ ይህ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ነገሥታቱ የጠየቁበት አቅጣጫ ግን ለእኛ አይሆንም። እነሱ ጠባቂውን ጠርተው ቸልተኛ ነበርክ ወይ ሊሉት ነው። ምናልባት የፕሪስኩስ ቤተሰብ ባሪያም ሎሌም የሚያቆም ሀብታም ነበር። ኦጎልቾ ላይ ግን ጠባቂዋ አንዲት አሮጊት ናት። እሷን «ለምን አልጠበቅሽውም?» ከማለት በፊት «አንቺንስ ማን ይጠብቅሽ ነበር?» ማለት ይቀድማል።

ይህ ጥያቄ ገዳዩን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ጥፋተኛ ከሆነ ይቀጣ፤ ታማሚ ከሆነ ይታከም፤ ያንን ዳኛውና ሐኪሙ ይወስኑ። እኔ የምለው አንቀጽ 51 ያለፈ ታሪክና ኑሮ ይጣራ ሲል በሩን ከፍቶታል ነው። በዚያ በር ገብተን የተወሰኑ ተራ ጥያቄዎች እንጠይቅ። ሕመሙ መቼ ጀመረው? ሐኪም አይቶት ያውቃል? መድኃኒት ጀምሮ ከነበረ መቼ ተቋረጠ፣ ለምን? ቤተሰቡ ፈርቻለሁ ብሎ ለማን ነገረ፣ ለቀበሌ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን፣ ለፖሊስ፣ ለሽማግሌ? የተነገረውስ ምን አለ? ሽማግሌውም ለጉማ ሲቀመጥ ይህንን ቢጠይቅ፣ ከፋዩና ተቀባዩ አንድ ቤት በሆነበት ነገር ቢያንስ ጎረቤትና ጎሳ ድርሻቸውን ያውቁ ነበር። መልሶቹ ቢጻፉ ደግሞ ለሚቀጥለው ቤት ይጠቅማሉ፤ ገና ማንም ላልሞተበት ቤት።

እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ለእኛ ቤት ብታቀርቡልኝ መልስ አለኝ፤ ሰው ሳይሞት ስለጠየቃችሁኝ። ሕመሙ ሲጀምረው እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ካርዱ አሰላ አለ። መድኃኒቱ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ቢላዋ የምታስቀምጥልን ጎረቤት ያቺው «ለምን አያስሩትም?» ያለችው ሴትዮ ናት፤ አንድም ቀን እምቢ ብላን አታውቅም። አያቴ ጉልበቷን ስላመማት ከዚህ በኋላ አሰላ የምወስደው እኔ ነኝ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።